የቤቱን ጌም በእጅ የሚያዝ ማድረግ፦ የቁጠባና የጥንቃቄ ሙያ

ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዘው፣ ካሴት እየተሰካባቸው ይሠሩ የነበሩ የጌም መሣሪያዎች ከገበያ ከወጡ ዘመናት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የእጅ ሙያ አፍቃሪዎች እነዚህን አሮጌ መሣሪያዎች ፈታተው፣ ትንሽ ስክሪንና ባትሪ ጨምረው፣ በእጅ ተይዘው የትም እንዲሠሩ ያደርጓቸዋል። ሙያው ስለ ኃይል አጠቃቀም ብዙ የሚያስተምር በመሆኑ የሠራዊቱ አባላትና ባለቤቶቻቸው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ጅቡቲ ነጻነቷን ባወጀችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ አታሪ 2600 በአሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ። የሥራ ማኅደረ ትውስታው 128 ባይት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ቤንጃሚን ሄከንዶርን የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ አድርጎ ሠራው፤ ብዙ የሙያው ወዳጆችም ፈለጉን ተከተሉ።

ፋብሪካዎችም ይህንኑ ሞክረዋል። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኖማድ የቤቱን የጀነሲስ ካሴቶች በእጅ ይዞ ለመጫወት ያስቻለ ቢሆንም፣ ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨርስ ነበር። በአንጻሩ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ጉንፔይ ዮኮይና ባልደረቦቹ ቀለማምና ብርሃናማ ስክሪን ትተው ርካሽና የተፈተኑ ዕቃዎችን መርጠዋልና። በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ ወሳኙ የኃይል አያያዝ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ብክነቱ የሚጀምረው ከመሣሪያው ውስጥ ነው። ወደ አታሪው 9 ቮልት ይገባል፤ ቺፖቹ የሚፈልጉት ግን 5 ቮልት ነው። ቮልቱን የሚያወርደው አሮጌ ሬጉሌተር ትርፉን 4 ቮልት ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ከገባው ኃይል 44 በመቶ ያህሉ በከንቱ ይጠፋል። በግድግዳ መብራት ሲሠራ ይህ ጉዳት አይታወቅም፤ በባትሪ ሲሠራ ግን የጨዋታውን ሰዓት ያሳጥራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ በመጀመሪያ ይህን ሬጉሌተር አውጥቶ ብክነቱ አነስተኛ በሆነው በስዊቺንግ ሬጉሌተር ይተካዋል።

ጉዳዩ በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 2 ለሚኖር ቤተሰብ ይበልጥ ይከብዳል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ደጋግሞ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ አብዛኞቹ የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ ሊደረጉ አይገባም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ይህ መጠን በቀላሉ ይታለፋል። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ባትሪው መከላከያ ሰርኪውት ያለው ይሁን፤ ቻርጅ የሚደረገው ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት፣ ሰው በነቃበት፣ ከአልጋና ከጨርቅ ርቆ ይሁን፤ ያበጠ ባትሪ ያለ ማመንታት ከሥራ ይውጣ።

ሥራውም ቅደም ተከተል አለው። በደኅና የሚሠራ ሙሉ መሣሪያ አይቆራረጥም፤ የተቆረጠ ሰርኪውት ቦርድ እንደነበረ አይመለስምና። ሽፋኑ የተሰበረ፣ ቦርዱ ግን ደኅና የሆነ ይመረጣል። ከዚያም ቪዲዮው ከስክሪኑ ጋር ይገናኛል፤ ቁልፎቹ ይበየዳሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሳይፈተሽ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የብየዳው ቆርቆሮ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል መስኮት ይከፈት፤ እጅም ከምግብ በፊት ይታጠብ።

ሥራው ሲጠናቀቅ መሣሪያው ወዲያው ለልጅ አይሰጥ። ባል ወይም ሚስት አንድ ሙሉ ሰዓት በእጃቸው ይዘው ይጫወቱበት። በመዳፍ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው ገና አላለቀም።