ከውርጌሳ እስከ ጥቁር አንበሳ፤ የነቀርሳ ምርምር አደራ

በወሎ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ጎዳና፣ መርሳ ሳይደርሱ በምትገኘው በውርጌሳ የምትኖር አንዲት እናት በጡቷ ውስጥ እብጠት ብታገኝ፣ ሕመም ስለሌለው ለወራት ደብቃው፣ በጠበሉም በዱዓውም በባህል መድኃኒቱም ፈውስን ስትሻ ቆይታ፣ ቁስሉ ሲገለጥ ብቻ ወደ ሆስፒታል መሄዷ በአገራችን የተለመደ ነገር ነው፤ የጨረር ሕክምና ያሻታል የተባለች እንደ ሆነም ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ተጉዛ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ የምትጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያም ከደዌዋ ተቆንጥራ የምትወሰደው ኢምንት ሥጋ ለሕክምናዋ ብቻ ሳይሆን ለምርምርም እንድትውል ፈቃዷን የሰጠች ዕለት፣ በማታውቃቸው ብዙ ሰዎች ላይ ትልቅ አደራ ትጥላለች።

ነቀርሳን መመርመር የአንድ ሊቅ ሥራ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ፣ ሥጋውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው የፓቶሎጂ ሐኪም፣ መድኃኒቱን የሚያዝዘው፣ ነርሷ፣ የቁጥር ዐዋቂውም በአንድ ሥርዓት ካልተያያዙ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጀርመን አገር በሐለ ከተማ ከሚገኘው ከማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ያካሄደው ትብብር ለዚህ መልካም ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 እስከ 2010 ድረስ በጥቁር አንበሳ የታከሙትን ከ1,000 የሚበልጡ የጡት ነቀርሳ ሕሙማን ታሪክ መርምረው፣ ከእነርሱም መካከል የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ የተደረገላቸውን ለይተው በዚያው አቆጣጠር በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ዕጢው ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት መሆኑን ገለጡ። ከምዕራብ አፍሪካ የወጡ አንዳንድ ጥናቶች የዚህን ተቃራኒ አሳይተው ስለ ነበር፣ ይህ ነገር የጥቁር ሴቶች ነቀርሳ ሁሉ አንድ ነው ለሚለው ግምት ብርቱ መልስ ሆነ። ትርጉሙም ለድኻ አገር የከበረ ነው፤ ታሞክሲፌን የተባለው፣ እንዲህ ያለውን ዕጢ የሚያክመው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነውና ለ5 ዓመት ያህል በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን ብዙዎቹን እናቶቻችንን ሊረዳ ይችላል ማለት ነውና።

ይህን መሰሉ ፍሬ የሚገኘው ግን ስማቸው በጽሑፉ ራስ ላይ በማይጎላ መጋቢዎች ትጋት ነው። የምርምሩ አስተባባሪ አስቀድሞ የጥናቱን ሐሳብ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ አቅርቦ ማስፈቀድ፣ የፈቃዱን ቃል ሕመምተኛዋ በምትሰማው ቋንቋ ማስነበብ፣ ስሟን በቁጥር ለውጦ ምስጢሯን መጠበቅ አለበት። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ በልኩ ሳይቆይ ቢቀር ወይም ከልኩ በላይ ቢሰነብት የሆርሞኑ ምርመራ ሐሰት ሊናገር ስለሚችል ሰዓቱን ያስመዘግባል፤ ወደ ውጭ አገር የሚላክም ከሆነ ለምን ሥራ እንደሚውልና የተረፈው ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ውል ያሳስራል። ሆኖም በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው፣ ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ አገሯ የተመለሰችውን ሴት በሕይወት መኖሯንና መድኃኒቷን መዋጧን በየጊዜው ጠይቆ ማወቅ ነው። ስልኳ ቢጠፋ፣ ቁጥሯ ቢለወጥ፣ የመዝገቡ ግማሽ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ስፍራውንም የትኛውም የሒሳብ ጥበብ አይሞላውም።

በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ሠልጥነው የተመደቡ ነርሶች ሕሙማኑን ሲከታተሉ የመድኃኒቱ አወሳሰድ እንደሚሻሻል አሳይቷል። ይህ ለወሎም የሚሆን ትምህርት ነው።

አንድ ጉድለት ግን ሳይነገር ማለፍ የለበትም። በመስከረም 2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ፣ ለአገሪቱ ግምት ሁሉ መሠረት የሆነ ክቡር ሥራ ቢሆንም፣ የሚቆጥረው የከተማይቱን ነዋሪ ነው። የውርጌሳዋ እናት በጥቁር አንበሳ ብትታከምም በዚያ ቁጥር ውስጥ አትገባም፤ ስለዚህም ውርጌሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳና በወልድያ ዙሪያ የትኛው ነቀርሳ እንደሚበዛ፣ ስንቱስ ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ የአዲስ አበባው መዝገብ ሊነግረን አይችልም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች መዘረፋቸውን ስናስብ ደግሞ፣ መዝገብን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ማኖር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግልጥ ነው።

እንግዲህ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከደሴና ከወልድያ ሆስፒታሎች ጋር ሆነው፣ የራሳቸውን የነቀርሳ መዝገብና የሚከታተሉ ነርሶችን እንዲያቆሙ፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ ሊቃውንት ጋር ሲተባበሩም የናሙና ላኪ ብቻ ሳይሆኑ የጥናቱ ባለቤት እንዲሆኑ እንለምናለን። አንቺም እኅቴ፣ በጡትሽ ላይ እብጠት ያገኘሽ እንደ ሆነ፣ ባያምሽም ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።