በፈረቃ የሚለካ ጓሮ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት። ያኔ ቤት ከነግቢው ነበር። ዛሬ ካዛንቺስ በሚገኝበት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አፈር ያለው ግቢ ብርቅ ሆኗል፤ የቀረው የጎተራ ኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ የቀበሌ ቤት ደጃፍ፣ የቆርቆሮ አጥር ጥግ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የከተማ ግብርናን ሲያነቃቃ በየደጃፉ በጀሪካንና በባልዲ መትከልም አብሮ ተስፋፋ። ነገር ግን መስከረም ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ዕቃ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ጭራሮ ተሸክሞ ይገኛል። ሰው ዘሩን ይወቅሳል፣ ፍግ አነሰው ይላል፣ አንዳንዱም «እጄ አይባረክም» ብሎ ይተወዋል። በእኛ በከተማ ግብርና ባለሙያዎች ዓይን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ዕቃው ሲመረጥ ከተክሉ ጋር ተለካ እንጂ ከውኃው ፈረቃ ጋር አልተለካም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ተጋድሞ ላዩ ሲቆረጥ አንድ አሥረኛ ካሬ ሜትር ያህል የመትከያ ገጽ ይሰጣል። በአዲስ አበባ በጋ ከአፈሩ ተንኖ፣ በቅጠሉም በኩል ወጥቶ የሚሄደው ውኃ በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ በጀሪካኑ ገጽ ሲመታ በቀን 400 ሚሊ ሊትር፣ በወር 12 ሊትር መሆኑ ነው። አሁን ሰማዩን እንይ። በነሐሴ ወደ 250 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ በዚያች ትንሽ ገጽ ላይ 25 ሊትር ያርፋል፤ ከጀሪካኑ ሙሉ ይዘት በላይ ነው። በታኅሣሥ ግን የሚጥለው ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ለጀሪካኑ አንድ ሊትር ቢደርሰው ነው። ያው ዕቃ በክረምት ይሰምጣል፣ በበጋ ይጠማል። ክፍተቱን የሚሞላው የቧንቧ ውኃ ደግሞ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣበት ቀንም መጀመሪያ የሚሞላው ሮቶው፣ ቀጥሎ የማብሰያውና የመታጠቢያው በርሜል ነው። ለጎመን የሚተርፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለዚያውም ከተረፈ።

ራሱን የሚያጠጣ መደብ የተፈለገው ለዚህ ክፍተት ነው። አሠራሩን ለመረዳት ኩራዝን ማስታወስ ይበቃል፤ ላምባው ከታች ይቀመጣል፣ ክሩ ሽቅብ ይስበዋል፣ ጫፉ ላይ በነደደው ልክ ከታች ይተካል። በመደቡ ውስጥ ላምባው ውኃ፣ ክሩ አፈር፣ እሳቱ ፀሐይ ነው። በጀሪካኑ ወለል ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሬድ አሽ፣ ማለትም ቀዩ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ይነጠፋል። በላዩ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ተቆርጦ ይዘረጋል፤ አፈሩ ወርዶ ጠጠሩን እንዳይደፍን ነው። ከረጢቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቀደድና ዙሪያው የተበሳሳ የሃይላንድ ቂጥ እስከ ወለሉ ይገባል፤ እሱም በአፈር ይጠቀጠቃል። ይህ የአፈር እግር የኩራዙ ክር ነው፤ እሱ ከሌለ ጠጠሩ ውኃውን ወደ ላይ አያሳልፍም፣ ሥሩ ከውኃ በላይ ተቀምጦ ይደርቃል። በአንዱ ጥግ ውኃ የሚሞላበት ቱቦ ይቆማል። በጎኑ ደግሞ ልክ ጠጠሩ በሚያልቅበት ከፍታ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ የነሐሴው 25 ሊትር የሚወጣው በዚህ ነው። ሰዎች ውኃ ያባክናል ብለው የሚደፍኑት ይህንኑ ቀዳዳ ነው፤ ከተደፈነ ግን ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጠጠሩ ከቦታው ግማሹን ስለሚይዝ የሚጠራቀመው ውኃ ሦስት ሊትር ገደማ ነው። በቀን በ400 ሚሊ ሊትር ሲካፈል አንድ ሳምንት ይሆናል። ፈረቃው በሳምንት አንዴም ቢሆን ተክሉ ይደርሳል ማለት ነው። ፈረቃው ከዚያ የሚረዝም ከሆነ መጨመር ያለበት የታችኛው ማጠራቀሚያ ነው፤ በጠጠሩ መካከል የተበሳሱ ባዶ ሃይላንዶችን መቅበር ያንኑ ቦታ የበለጠ ውኃ እንዲይዝ ያደርገዋል።

ክሩ ከተበላሸ ኩራዙ እንደማይበራ ሁሉ አፈሩ ካልተስማማ መደቡ አይሠራም። ከቤት መሠረት ተቆፍሮ የሚወጣው ጥቁር ዋልካ በነፃ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ግን ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በተሰነጠቀበትም የውኃው ጉዞ ይቋረጣል። የሚሻለው የበሰለ ብስባሽ፣ ቀይ ወይም ቡናማ አፈርና አሸዋ እኩል እኩል መቀላቀል ነው። ከዘሩ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታትም ከላይ በትንሹ ማጠጣት ግድ ነው፤ ገና ያልወረደ ሥር ከታች ያለውን ውኃ አያገኘውም። በዓመት አንዴ ክረምቱ ከላይ እንዲያጥበው መተውም ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ ከታች ብቻ የሚጠጣ አፈር ጨው ወደ ገጹ ያወጣል።

«በየማታው አንድ ጣሳ ውኃ ማፍሰስ ምን ያቅታል? ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ውኃ ሳይቋረጥ ለሚያገኝ፣ ማታም ቤቱ ለሚገባ ሰው መልሱ «ምንም አያቅትም» ነው፤ ለእሱ ተራው ዕቃ ይበቃዋል። ጣሳው ግን ውኃም ሰውም በአንድ ሰዓት መገናኘታቸውን ይጠይቃል። በካዛንቺስ ቢሮና ሱቅ ውሎ አምሽቶ ለሚገባ፣ ውኃው ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለሚመጣበት ቤተሰብ ሁለቱ አይገናኙም። ከላይ የፈሰሰው ጣሳ ውኃም ቀትር ላይ ከገጹ ይተናል፤ ከታች ያለው ግን በአፈርና በዕቃው ተሸፍኖ ይቆያል። ለእጣቢ ውኃም ቦታ ይገኛል፤ የምስርና የአትክልት እጣቢ በቱቦው ሳይሆን ከላይ አፈሩ ላይ ቢፈስ ጥሩ ነው፣ የልብስ እጣቢ ግን በኦሞው ውስጥ ያለው ሶዲየም አፈሩን ስለሚያደድር አይፈስም።

ሁለተኛው ሥጋት የፕላስቲኩ ነው፤ ተገቢም ሥጋት ነው። መጠየቅ ያለበት መጀመሪያ ዕቃው ምን ይዞ እንደነበረ ነው። የምግብ ዘይት ጀሪካን በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይሆናል፤ የፀረ ተባይ፣ የባትሪ አሲድ፣ የሞተር ዘይት ዕቃ በምንም መታጠብ አይሆንም። የቀለም ባልዲ ለአበባ ይቅር። ከቆራሌው ሲገዙ ታሪኩ ካልታወቀ አለመግዛት ነው። የአዲስ አበባ የከፍታ ፀሐይ ፕላስቲክን ስለሚያደርቅና ስለሚያሰነጥቅ ጀሪካኑን በጆንያ መሸፈን ዕድሜውን ያራዝማል። ትንኝን በተመለከተ የቱቦውን አፍ በክዳን መዝጋት፣ ቀዳዳውንም በቀጭን ወንፊት መሸፈን ይበቃል። ክብደቱ ግን አይናቅ፤ የተሞላው ጀሪካን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ደግሞ ከ250 ኪሎ ይበልጣል። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ ትናንሾቹን ከግድግዳው አስጠግቶ መደርደር እንጂ በርሜል ከጫፉ ማቆም አይመከርም። ከቀዳዳው የሚንጠባጠበውም በታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይወርድ ከሥሩ ሃይላንድ ይደቀንለት።

ሦስተኛው ሙግት ከሁሉም ይከብዳል፤ «በአንድ ጀሪካን ማን ጠገበ?» የሚለው ነው። ማንም አይጠግብም። ሽንኩርትም ድንችም ከገበያ ይመጣል፤ በረንዳ ቤተሰብ ይመግባል ብሎ የሚሰብክ ባለሙያ ሰው ያታልላል። ጀሪካኑ የሚያዋጣው ደጋግሞ ለሚቀነጠስ ነው፤ ለቆስጣ፣ ለአበሻ ጎመን፣ ለሰላጣ፣ ለበሶብላና ለጥብስ ቅጠል። እነዚህ ቅጠሎች ደግሞ ከየት እንደመጡ ማወቅ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የተመራማሪው የፍሥሐ ኢታና ጥናት በአዲስ አበባ በወንዝ ውኃ በሚለሙት በኬራና በፒኮክ ማሳዎች የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምሮ በአንዳንዶቹ ውስጥ ከሚመከረው ያለፈ መጠን ያላቸው ብረታ ብረቶች አግኝቷል። በገዛ ዕቃ፣ በታወቀ አፈርና በቧንቧ ውኃ የበቀለ ቅጠል ትንሽም ቢሆን ከዚያ ወንዝ አልጠጣም። ሌላም ጥቅም አለ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች የተዛወሩ ብዙዎች ናቸው፤ መሬት ውስጥ የተተከለው እዚያው ቀርቷል። ተከራይም ሆነ ተነሺ ጀሪካኑን ከነአፈሩ ጭኖ መሄድ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው በቢላዋ አይጀመርም፤ በመቁጠር ነው። በሰፈርዎ ውኃ ከሄደ በስንት ቀኑ እንደሚመለስ ለአንድ ወር በግድግዳ ካላንደርዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከተመዘገቡት ውስጥ ረጅሙን ክፍተት ይውሰዱ፤ ለእያንዳንዱ ቀንና ለእያንዳንዱ ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ይቁጠሩ። የታችኛው ማጠራቀሚያ ያንን ከያዘ ጀሪካኑን ይቁረጡ፤ ካልያዘ ማጠራቀሚያውን ያስፉት።