ለረመዳን ዑምራ የምንከፍለው ለምን ለምኑ ነው?

ረመዳን ሲቃረብ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከሶላት በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። «ሼህ፣ የዘንድሮ ዑምራ ስንት ገባ?» ይለኛል። ጠያቂው አንዳንዴ እናቱን ለመላክ ያሰበ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ አንዳንዴም ልጁ ከዐረብ አገር ገንዘብ የላከለት አባት ነው። እኔ ደግሞ «ዋጋው ምን ምንን ይዟል?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ።

ወኪሉ የሚነግረን አንድ ድምር ነው። በውስጡ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴል፣ መጓጓዣና ምግብ አለ። ከፍኖተ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪደረስ ያለው ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በተለይ ሆቴሉ ከሐረም ያለው ርቀት ነው። መካ ውስጥ ከሰዓቱ ማማ ሥር ያለ ክፍል ውድ ነው፤ መስኮቱ ወደ ካዕባ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ወደ ዐዚዝያ ሰፈር ሲኬድ ዋጋው ይወርዳል። በመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ሁሉም ይንራል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ቅርበቱ ቅንጦት አይደለም፤ ተራዊሕን ሐረም ውስጥ መስገድ ወይም ክፍል ውስጥ መቅረት ማለት ነው። ከገጠር ቡሬ ገበያ በእግሩ ለሚመላለስ ጎረምሳ ግን የግማሽ ሰዓት መንገድ ምኑ ነው? ዐዚዝያም የሐረም ክልል ውስጥ ነው። የሶላቱ ምንዳ መላውን የሐረም ክልል ያካትታል የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው፤ በመስጂዱ የሚወስኑትም አሉ። በሆቴሉ ኮከብ የለካው ግን የለም።

የክፍሉ ኪራይ በነዋሪው ቁጥር ስለሚካፈል ለአራት ማደር ይረክሳል። (የሚያንኮራፋ ካለ ሶብር ያስፈልጋል!) ምግብን በተመለከተ፣ «ቁርስን ይጨምራል» ከተባለ በረመዳን ሱሑር መሆኑን ጠይቁ። ለኢፍጣር ሐረም ውስጥ ቴምርና ውሃ በነፃ ይታደላል፤ ዘምዘሙም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መካንና መዲናን የሚያገናኝ ፈጣን ባቡርም አለ። 450 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአውቶቡስ ለማይችሉ አረጋውያን ብር የሚወጣበት ነገር ነው።

በረመዳን የሚደረግ ዑምራ ምንዳው ከሐጅ ጋር እንደሚስተካከል በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሯል። ግዴታ የሆነውን ሐጅ ግን አይተካም። ሐጅ ያላደረገና ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ለሐጁ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የእርሻ በሬውን ሊሸጥ የሚያስብም አይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው በየካቲት ግድም ነው፤ ከዒድ በኋላ እርሻው ይጠብቀዋል። እስኪመለስ ቤተሰቡ የሚበላው ከሌለ አቅም አለው አይባልም፤ ዑምራውም አይጠበቅበትም።

አቅሙ ያላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የሆቴሉን ስም፣ በክፍል ስንት ሰው እንደሚያድርና የትኞቹን ሌሊቶች እንደሚያካትት በወረቀት አስጽፉ። ወኪሉ «ቅርብ ነው» ካላችሁም፣ በእናታችሁ እርምጃ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁት።