ባለቤቱ ሲሞት ዳንሱን ማን ይወርሰዋል?

በሲቲ ዞን ኤረር ውስጥ ሰርግ ሲኖር ጭፈራው የሚደምቀው የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ነው። ጭፈራው ዳንቶ የሚባለው የሶማሌ ጭፈራ ነው። ወንዶቹ በአንድ ረድፍ፣ ሴቶቹ በሌላ ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ግጥም ሲያወርድ ሌላው በጭብጨባ ይቀበላል፤ እግር መሬቱን ለቅቆ ሲመለስ አንገትና ትከሻ ይከተሉታል። እርምጃው ከግመል አረማመድ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ፤ ግመል ሲነዳ እያየ ያደገ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። አሁን አሁን ከጨፋሪው እኩል ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸው ሰው በዝቷል። ማታ ቪዲዮው ሲከፈት ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። ነገር ግን ዳንቶን አይቶ የማያውቅ ልጅ ከዚያ ስልክ ልማር ቢል ወዲያው ይደናገራል። ትንፋሽ የሚወሰደው የቱ ጋ ነው? ግጥሙ ሲያልቅ እግር ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ስልኩ ይህን አይመልስም፤ የሚመልሰው አጠገቡ የቆመ አዋቂ ነው።

ሥዕል ሸራ አለው፤ ልብ ወለድም መጽሐፍ አለው። የዳንስ መሥሪያው ግን የሰው አካል ነው፤ ትርኢቱ ሲያበቃ ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ዳንስን ከፈጣሪው ሞት በኋላ ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ይህን ሙያ ለመተዋወቅ የባሌት ኮሪዮግራፈሩን የጆርጅ ባላንሺንን ውርስ መከተል ጥሩ መንገድ ነው።

ባላንሺን እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። በ1933 ሊንከን ከርስቲን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ የባሌት ቡድን እንመሥርት ብሎ ሲጠራው፣ ከቡድኑ በፊት ትምህርት ቤት ይቅደም ማለቱ ዛሬም ይነገርለታል። ትምህርት ቤቱ በ1934 መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ ተከፈተ። ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት የሚለውን ስም የያዘው ቡድን የመጣው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። ባላንሺን በሚያዝያ 1983 ሲሞት ከ400 በላይ ሥራዎችን ትቶ ነበር።

ከእነዚህ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። "ሴሬናድ" ይባላል፤ ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ ነው። ባላንሺን በ1934 ያቀናበረው ገና በመማር ላይ ለነበሩ ተማሪዎቹ ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ምሽት የተገኙት 17 ሴቶች ስለነበሩ መክፈቻውን ለ17 ሰው ሠራው። አንዷ ተማሪ አርፍዳ ገባች፤ ማርፈዷን ዳንሱ ውስጥ አስገባው። ሌላዋ ወደቀች፤ መውደቋንም አስገባው። መጋረጃው ሲከፈት 17ቱም ቀኝ እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተው፣ አንጓቸውን ሰብረው፣ መዳፋቸውን ወደ ውጭ መልሰው ይታያሉ። የኤረር ሰው ቢያያቸው የቀትር ፀሐይ ዓይናቸውን የወጋቸው ሊመስለው ይችላል። እጁ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቀጥሎ ገጥመው የቆሙት የእግር ጣቶች በአንድ ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። ይህ ማንኛውም የባሌት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው አቋቋም ነው። ስለዚህ ያ መክፈቻ አንድ ተራ ሰው ዳንሰኛ የሚሆንባት ቅጽበት ነው። ይህን ያልተነገራት ልጅ እጇን በትክክል ልታወርድ ትችላለች፤ ለምን እንደምታወርደው ግን አታውቅም።

ባላንሺን በ1978 ኑዛዜ ጻፈ። ብዙ ሰው ሥራዎቹን በሙሉ ለመሠረተው ቡድን ይተዋል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። እሱ ግን ባሌቶቹን አንድ በአንድ እየለየ ለሰዎች አወረሳቸው፤ ወራሾቹ 14 ሲሆኑ ከመካከላቸው አብረውት የሠሩ ዳንሰኞችና የረጅም ጊዜ ጸሐፊው ይገኙበታል። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሸንሽኖ እንደሚሰጠው ማለት ነው። መሬት የተከፋፈለ ቤተሰብ ደግሞ የሚገጥመውን ችግር እናውቃለን። ወራሾቹ ግን አብዛኞቹን ሥራዎች በ1987 በተቋቋመው ባላንሺን ትረስት ሥር ሰበሰቧቸው።

የትረስቱ አሠራር ቀላል ነው፤ ጥብቅም ነው። አንድ የባሌት ቡድን "ሴሬናድ"ን ላሳይ ሲል ያመለክታል። ዳንሰኞቹ ሥራውን ለመሸከም አቅም እንዳላቸው ይታያል። ፈቃድ ከተሰጠ ትረስቱ የሚልከው ካሴት ሳይሆን ሰው ነው። ሰውየው አስጠኚ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ያንኑ ባሌት ራሱ የደነሰ፣ ከባላንሺን ወይም ከባላንሺን ተማሪዎች አፍ የሰማ ነው። አዳራሹ ውስጥ ቆሞ በቃሉ ይቆጥራል፤ ክርን ያቃናል፤ "እዚህ ጋ እንዲህ ይል ነበር" ብሎ ይተርካል። ቪዲዮና የጽሑፍ ማስታወሻ አብረውት አሉ፤ ማስረጃ ናቸው እንጂ መምህር አይደሉም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባላንሺን ፋውንዴሽን የሚባለው ሌላው ተቋም አንድ ብልህ ሥራ ሠርቷል። ካሜራውን ከትርኢቱ አንሥቶ ልምምዱ ላይ ተከለው። ባላንሺን ሚናውን በአካላቸው ላይ የፈጠረባቸው ዳንሰኞች አርጅተዋል፤ ሊዘሉ አይችሉም። ነገር ግን ወንበር ስበው ወጣት ዳንሰኛ ፊት ተቀምጠው "እንዲህ አይደለም፣ ቆይ" ማለት ይችላሉ። የተቀረጸው ይህ "ቆይ" ነው። ትርኢትን መቅረጽ የዳንሱን መልክ ያስቀራል፤ ማስተማርን መቅረጽ ግን ምክንያቱን ያስቀራል።

ሕግም ድርሻ አለው። ትረስቱ ከመቋቋሙ በፊት የባላንሺን "ነትክራከር" ባሌት ፎቶዎች ያሉበት መጽሐፍ ሊታተም ሲል የኑዛዜው አስፈጻሚ ከሰሰች። በ1986 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የማይንቀሳቀስ ፎቶም ቢሆን የኮሪዮግራፈርን መብት ሊጥስ ይችላል አለ። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮሪዮግራፊ ሥራን ከሚጠበቁት ሥራዎች ተርታ ይቆጥረዋል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ በመድረክ ማስታወቂያ ላይ የውዝዋዜ አቀናባሪው ስም ግን ስንት ጊዜ ይጻፋል?

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ እንግዳ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የጎንደርን የአቋቋም ጉባኤ ቤት ይጎብኝ። አቋቋም በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ፣ ጽናጽልና ከበሮ ተይዞ የሚፈጸም፣ እያንዳንዱ የሰውነት ዘንበል ማለት ቦታው የታወቀ የእንቅስቃሴ ሥርዓት ነው። ለዜማው ምልክት አለው፤ በብራና ላይ ከፊደሉ በላይ ይጻፋል። ለመቋሚያው ውዝዋዜና ለእግሩ ግን መምህር ያስፈልጋል። ደቀ መዝሙሩ ለዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፣ ይቀጽላል፣ በመጨረሻ ያስመሰክራል። ያስመሰከረው ሰው "የማን ተማሪ ነህ?" ቢባል መምህሩን፣ ከዚያም የመምህሩን መምህር ይቆጥራል። ባላንሺን ትረስት በውል ያሰረውን ነገር የአቋቋም ቤት በትውልድ ሐረግ አስሮታል።

የመድረክ ጭፈራችን ግን እንዲህ ያለ ሐረግ የለውም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ተወላጁ አቀናባሪ ሐሊም ኤል-ዳብ ተመሥርቶ፣ በኋላ በተስፋዬ ለማ እየተመራ ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ያገናኘ ቡድን ነበር። በ1975 ተበተነ። ሙዚቃው ግን በ2007 "ኢትዮፒክስ" በሚባሉት ተከታታይ አልበሞች በ23ኛው ወጥቶ ለአዲስ ትውልድ ደረሰ። ይህ የሆነው ድምፁ በክር ስለተቀረጸ ነው። የድምፅ ክር ግን የተወዛዋዥን እግር አይቀዳም። በ1980 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ለረሀቡ እርዳታ ምስጋና ያቀረበው "ሕዝብ ለሕዝብ" ደግሞ በቪዲዮ ተቀርጿል፤ ብዙ ተወዛዋዥ ዛሬም ያንን እያየ ይማራል። ምስሉ ግን የተሠራውን እንጂ የተሠራበትን ምክንያት አይነግረውም።

የቅርቡን ምሳሌ የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰጥቶናል። መላኩ በላይ በፈንዲቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ገንዘብ እየኖረ ሲጨፍር ያደገ ተወዛዋዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ተረከበው፤ ኢትዮከለር የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ አዝማሪ ቤቱን የባህል ማዕከል አደረገው። በ2024 መጨረሻ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃም ከዚያ ግቢ ተነሣ። ጣሪያና ግድግዳው ሄደ፤ እስክስታው ግን ከመላኩና አብረውት ከሚወዛወዙት ትከሻ አልወረደም። ቡድንን ቡድን ያደረገው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ ኤረር እንመለስ። በሲቲ ዞን የሚኖረው የኢሳ ሶማሌ ማኅበረሰብ ሄር ኢሴ የተባለውን ባህላዊ ሕጉን ለዘመናት ያቆየው በቃል ነው። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲዳኙ ልጆች ዳር ቆመው ይሰማሉ፤ የሰሙት ነገ ይዳኛሉ። ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2024 ሄር ኢሴን የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ አድርጎ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። መዝገቡ ጥሩ ነው፤ ሕጉን እዚህ ያደረሰው ግን ዛፉ ሥር የነበረው መስማትና ማሰማት ነው። ሕግን በዚህ መንገድ ያቆየ ማኅበረሰብ ጭፈራውንም ማቆየት አያቅተውም።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በሚቀጥለው ሰርግ ስልክ የያዘ ሰው ጨፋሪዎቹን ቀርጾ ሲጨርስ ስልኩን አያጥፋ። ዕድሜ የጠገበውን ግጥም አውራጅ ወይም ያቺን ሁሉም የሚያያትን ጨፋሪ ወደ ጎን ወስዶ አንዲት ልጅ ፊት ያስቁማት፤ "አስተምሪያት" ይበላት፤ ያንን ይቅረጽ። ስሟን፣ ከማን እንደተማረች፣ የት እንደተማረች ይጻፍ። ባላንሺን ኑዛዜውን የጻፈው ከመሞቱ 5 ዓመት በፊት ነው፤ ጭፈራ አዋቂዎቻችን ደግሞ ኑዛዜ አይጽፉም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።