ወድቆ የመነሣት ብርታት

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የምእመናን አቅም እጅግ የሚፈተንበት ዕለት ዓርብ ስቅለት ነው። በነግህ፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት የሚደርሰው ጸሎት ከስግደት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ምእመኑ እህል ውሃ ሳይቀምስ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል።

በዚህ ዕለት የቤተ ክርስቲያንን ቅጽር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ በማለዳ እየተቻኮለ ይሰግድና፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጉልበቱ ከድቶት ግንብ ተደግፎ ይቀመጣል። ከአጠገቡ ያሉት አረጋዊት እናት ግን መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን፣ በመጨረሻም ግንባራቸውን ከመሬት እያሳረፉ እስከ ሠርክ ይዘልቃሉ። ሥጋቸው በዚህ ድርሻ የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ እንጨት ሲሸከም፣ ረቡዕና ዓርብን ሲጾም የኖረ ገላ ነውና። አእምሯቸውም ሥራ አልፈታም፤ ስንት ቀረኝ አይሉም፣ የያዙትን አንዱን ስግደት ብቻ ያስባሉ። ጎረምሳውን የጣለው ከድካሙ ይልቅ የቀረውን ማስላቱ ይመስለናል።

መንፈሳዊው ብርታት ከሁለቱ የሚለየው ረዳት መቀበልን በማወቁ ነው። ጌታ ወደ ጎልጎታ ሲወሰድ፣ ከገጠር ይመለስ የነበረው የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን እንዲሸከም መገደዱን ወንጌል ይነግረናል። ማርቆስማ የልጆቹን የእስክንድሮስንና የሩፎስን ስም ሳይቀር መዝግቦልናል። ይህ ሲነበብ ግንብ የተደገፈው ሁሉ ሊጽናና ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ለቆመ ሰው መቋሚያ የሰጠች ናት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው 7 ዓመት እንደጸለዩ በገድላቸው ይነበባል፤ ነገር ግን ይህ ለጥቂቶች የተሰጠ ጸጋ እንጂ ከደካማው ሁሉ የሚጠየቅ ግብር አይደለም።

ይህን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የስኳር ሕመም እያለባቸው፣ ሐኪም በሰዓቱ ብሉ እያላቸው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል በማለት ብቻ ራሳቸውን ለአደጋ የሚጥሉ ወላጆች በየቤታችን አሉ። በባዶ ሆድ የተወሰደ የስኳር መድኃኒት ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። ሥርዓቱ ሕሙማንን አያስገድድም፤ ሐኪምንና የንስሐ አባትን አማክሮ፣ በተቀመጡበት አንገትን ዝቅ አድርጎ መጸለይ ይቻላል። በቤት ያሉ ልጆችም ይህን በአክብሮት ሊያስረዷቸው ይገባል፤ በዚያን ዕለት ለእናት ምግብ ማቅረብ ከመስገድ ይልቅ የሚከብድበት ቤት ይኖራል።

ሠርክ ሲሆን ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ የምእመኑን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረገ ተጨማሪ ስግደት ያዛል፤ ቁጥሩ ለሁሉም አንድ አይደለም። አክፍሎት የያዙት እስከ ትንሣኤ ሌሊት ይጸናሉ። ከቅዳሴ መልስ ግን እነርሱም ወደ ዶሮው ወጥ አይጣደፉም፤ አስቀድመው በተልባ አንጀታቸውን ያለሰልሳሉ።