ልጅ ሲዘገይ ዘር ይወቀሳል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጋብቻ ሲታሰብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ቆጠራው በሐኪም ዓይንም የሚመሰገን ነው፤ በሁለቱም ወገን ተደብቆ የወረደ ጉድለት በአንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኝ ይረዳል። ልጅ ሲዘገይ ግን ቆጠራው መልስ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የምትወቀሰው ሚስት ናት። ጠበል ትመላለሳለች፣ ስለት ትሳላለች፣ አንዳንዷም ባሏ ሳይመረመር ትፈታለች። ይህ ግፍ ነው።

ከመካንነት ግማሽ ገደማው ውስጥ የወንዱ ችግር፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ አለበት። ከ600 ወንዶች አንዱ ገደማ ትርፍ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል። ብርቱ ገበሬ ሊሆን ይችላል፤ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዘር ሕዋስ አይገኝም። ይህ ከአያት የወረደ ሳይሆን ገና ሲጸነስ በአጋጣሚ የመጣ ነው። ሌሎች ደግሞ ከዋይ ክሮሞዞማቸው ቁራጭ ይጎድላቸዋል። እዚህ ላይ የጎደለበት ቦታ የሕክምናውን ዕድል ይወስናል። "ኤ" የሚባለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በቀዶ ሕክምና ቢፈለግም የዘር ሕዋስ አይገኝም። "ሲ" ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የሚወለደው ወንድ ልጅ ጉድለቱን ይወርሳል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ቤተሰብን ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ወደ ሴቷ ስንመጣ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. በተከፈተው የመንግሥት ማዕከል እንደሚደረገው ከሰውነት ውጭ በሚጸነስበት ሕክምና፣ ሴቷ እንቁላል እንዲበዛላት የሆርሞን መርፌ ትወስዳለች። ሆርሞኑን የሚቀበለው ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን ከሴት ሴት በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ አንዳንዷ ከሌላዋ የበለጠ መድኃኒት ያስፈልጋታል። ሆኖም ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሐኪሞች መጠኑን የሚወስኑት በዕድሜዋ፣ በአልትራሳውንድና በሆርሞን ምርመራ ነው። ዕድሜ ከዚህ ጂን እጅግ ይበረታል፤ በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ ክሮሞዞማቸው የተዛባ እንቁላሎች እየበዙ ይሄዳሉ። በአፍሪካ ደግሞ ለብዙ ሴቶች እንቅፋቱ ሳይታከም በቆየ ኢንፌክሽን የተዘጋ የማህፀን ቱቦ ነው፤ እሱ ከዘር ጋር ምንም አይገናኝም።

ጽንስ ደጋግሞ ለሚወርድባቸው ጥንዶች የሁለቱም ደም ለክሮሞዞም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ አዲስ አበባ ድረስ ከመንከራተት በፊት ግን ባልና ሚስት አብረው ሐኪም ፊት ይቅረቡ። የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ መርፌም ቢላዋም የለበትም፤ መጀመር ያለበትም ከእሱ ነው።