አርባው በፎገራ ሜዳ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳና በወረታ ከተማ አንድ አዛውንት ሲያርፉ ቀባሪውን የሚያሰባስበው ቅሬ ነው፤ ይህም ጎረቤቶች አስቀድመው የሚያቋቁሙት፣ መቃብር የሚቆፍርና ሐዘንተኛውን የሚያበላ የመረዳጃ ማኅበር ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ፍትሐት፣ ማለትም ስለ ሟች ነፍስ የሚደረስ ጸሎት፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ ቀጥሎም በመንፈቅና በሙት ዓመት ይደረሳል፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን አርባው ሲሆን፣ ተዝካር የሚባለው የመታሰቢያ ድግስ በአብዛኛው የሚወጣው ያን ዕለት ነው። ለቀብር ያልደረሱ ልጆች ከሩቅ አገር ይመጣሉ፣ ሴቶች ጠላ ይጠምቃሉ፣ ሩዝ አብቃይ በሆነው በዚህ ሜዳም ሩዝ ከጤፍ ጋር የተቀላቀለበት እንጀራ ተጋግሮ ካህናትና ነዳያን ይመገባሉ። የእርሻ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ መደገስ ግን የሟቹን ልጆች ለችግር ስለሚዳርግ፣ ቅሬዎች ድግሱ በአቅም ልክ እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንባቸው ሊወስኑ ይገባል።